ከጋራዥ ወደ ሳሩ የተመለሰችው ግልገል፦ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

በአጋዘን መውለጃ ወቅት ስልኬ አያርፍም። የተጎዱ የዱር እንስሳትን ለሚንከባከብ አንድ ማዕከል በበጎ ፈቃድ ስልክ ከሚያነሱ ሰዎች አንዱ ነኝ። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ወሬው ያው ነው። «ጓሯችን ውስጥ የአጋዘን ግልገል አገኘን። እናቷ ጥላት ሄዳለች። ምን እናድርግ?» መልሱም ያው ነው። አትንኳት፣ ራቅ በሉ፣ እናቷ ትመጣለች። አብዛኛው ጥሪ ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ይህኛው ግን አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደ። ስልኩ ሲደወል ግልገሏ ከተኛችበት ተነስታ፣ ታቅፋ፣ በጡጦ ወተት ተሰጥቷት፣ ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ላይ ተኝታ ነበር። «አትንኳት» ለማለት ረፍዷል። ከተነካች በኋላስ ምን ይደረጋል? ሰው የሚጨነቀው ስለዚህ ነው፤ ምክሩ ግን ሁልጊዜ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው የሚያወራው። ለዚህ ነው ከነስህተቱ የጻፍኩት። ከስህተቶቹ አንዱ ደግሞ የራሴ ነው።

ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል። ስምም ቦታም አልጠቅስም።

ዳራ

ቤቱ ከጫካ ጋር የሚዋሰን ነው። ባልና ሚስት፣ የአስር ዓመት ሴት ልጅ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ እና የሚስትየዋ እናት አብረው ይኖራሉ። ከቤቱ ጀርባ ሰፋ ያለ ጓሮ አለ። ሰሞኑን ዝናብ ስለበዛ ሳሩ ሳይታጨድ ቆይቶ እስከ ጉልበት ደርሷል። ከጓሮው ማዶ ዛፉ ይጀምራል። አጋዘኖች ሲመሽና ሲነጋ ከዛፉ እየወጡ መጋጣቸው ለቤቱ ሰዎች አዲስ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «አጋዘን» የምንለው ስም ሰፊ ነው፤ ባለ ጠምዛዛ ቀንዱንም ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደገና ስለሚያበቅለው፣ ባለ ነጭ ጭራ ስለሚባለው አጋዘን ነው። ግልገልን በመደበቅ ግን ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ድኩላም ግልገሏን ትደብቃለች።

ጉዳዩን ለመረዳት የአጋዘን እናት እንዴት እንደምታሳድግ ማወቅ ያስፈልጋል። 200 ቀን ገደማ ታረግዛለች። መጀመሪያ የምትወልድ ብዙውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች። ያደገችና በደንብ የበላች ግን መንታ መውለዷ የተለመደ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ይመዝናል። በሰዓታት ውስጥ ይቆማል፤ ከአዳኝ የሚያመልጥበት ሩጫ ግን ገና የለውም። ያለው መከላከያ አለመታየትና አለመሽተት ነው። ቡናማ ጀርባው ላይ የተረጨው ነጭ ነጠብጣብ በቅጠል መሃል የሾለከ ፀሐይ ይመስላል። እናቱ ደጋግማ ትልሰዋለች። ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ሳይቀር እየላሰች ታነሳለታለች፣ ሽታ እንዳይቀር።

እሷ ግን ትልቅ ናት። ትሸታለች፣ ትታያለች። ልጇ አጠገብ ከዋለች አዳኝን እየመራች አመጣችበት ማለት ነው። ስለዚህ አጥብታው ትሄዳለች። ራቅ ብላ ትግጣለች፣ ጆሮዋን ግን ከልጇ ላይ አታነሳም። በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ትመለሳለች፣ ብዙውን ጊዜ ሲነጋና ሲመሽ። ለደቂቃዎች አጥብታ፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ቦታ አዛውራ፣ እንደገና ትሰወራለች። መንታ ከሆኑ ለየብቻ ታስተኛቸዋለች። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ግልገሉ በበኩሉ አንድ ነገር ሲጠጋው አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ድርቅ ይላል። የልቡ ምት ሳይቀር በእጅጉ ይቀንሳል። ሰው ይህን ሲያይ «ደክሟል፣ ሊሞት ነው» ይላል። ጤነኛ ግልገል የሚያደርገው ግን በትክክል ይሄንኑ ነው።

ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ባልየው ሳሩን ለማጨድ ማሽኑን አወጣ። ልጅቷ ቀድማው ሳሩ ውስጥ ገብታ ነበርና ጮኸች። ግልገሏ እግሯ ስር ተጠቅልላ ተኝታለች። (ፆታዋን አላየንም። ትንሽ ስለሆነች ሁላችንም «እሷ» አልናት።) አልተነሳችም፣ አልሸሸችም። ዓይኗ ብቻ ተከፍቷል።

ባልየው ማሽኑን አጠፋ። ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁሉም በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው እናቷን ጠበቁ። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል። በጠራራ ፀሐይ፣ አምስት ሰው እያየ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። በእነሱ ዓይን ረጅም ጊዜ ነው። ለአጋዘኗ ግን ገና ሥራ ሰዓት ነው፤ ያውም ሰው በተደረደረበት አትመጣም።

አያትየዋ ብቻ አልተስማሙም። «ላምም እኮ እንዲሁ ናት» አሉ። «የወለደችውን ጥጃ ቁጥቋጦ ውስጥ ወሽቃ ነው የምትግጠው። እረኛ ፈልጎ ያጣዋል። ተዋት፣ እናቷ ታውቃለች።» ባልየው «እማማ፣ ይቺ ላም አይደለችም» አለ። ወሬው እዚያው ላይ ቆመ።

5 ሰዓት ተኩል ላይ አነሷት። ፀሐዩ እንዳይጎዳት፣ የጎረቤት ውሻ እንዳያገኛት ብለው ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ብዙውን ጊዜም የለበትም። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፈው ጋራዥ ውስጥ አስተኟት። ባልየውም «በቃ ዳነች» ብሎ ወደ ጀመረው ሥራ ተመለሰ። ሳሩን አጨደ።

7 ሰዓት ላይ የትንሹን ልጅ የድሮ ጡጦ አውጥተው የላም ወተት አሞቁላት። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አስተኝተው ነው ያጠቧት። ጥቂት ዋጠች፣ አብዛኛውን በአፏ ዳር አፈሰሰችው። 10 ሰዓት አካባቢ ቀጭን ተቅማጥ ታየ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አያትየዋም ሁለተኛ አስተያየታቸውን የሰጡት ያን ጊዜ ነው። «አሁንማ የሰው ሽታ ነክቷታል። ብትመልሷትም እናቷ አትቀበላትም።»

በመጀመሪያው እማማ ልክ ነበሩ፣ የሰማቸው የለም። በሁለተኛው ተሳስተዋል፣ ሁሉም ሰማቸው። ቤተሰቡ ግልገሏን መልሶ ማስቀመጥን ከሐሳቡ ያወጣው በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ራሳችን እናሳድጋት» የሚል ወሬም ተጀመረ። ልጅቷ ስም አውጥታላት ነበር።

ስልኩ

11 ሰዓት ላይ ሚስትየዋ ደወለች። ቁጥሩን ከሥራ ባልደረባዋ ነው ያገኘችው። ንግግሯ እስካሁን ትዝ ይለኛል። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር አድርገናል። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።»

ወቀሳ ውስጥ አልገባሁም። የተወቀሰ ሰው ይደብቃል፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም መስማት ነበረብኝ። የጠየቅኩት ይህን ነው። ደም ወይም ቁስል አለ? ዝንብ ወሮባታል? ፀጉሯ መሃል የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ነገር፣ ማለትም የዝንብ እንቁላል፣ ይታያል? ስትገኝ ትጮህ ነበር? በጎኗ ተዘርራ ነበር ወይስ ተጠቅልላ? የጆሮዋ ጫፍስ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ኋላ ተጠቅልሏል?

የጆሮው ጥያቄ ሰውን ያስቃል፣ ግን ብዙ ይናገራል። ሳትጠባ የቆየችና ውሃ ያጠራት ግልገል የጆሮዋ ጫፍ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ፎቶ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ጆሮዎቹ እንደ ቅጠል ቀጥ ብለዋል። ስትገኝም ዝም ብላ፣ ተጠቅልላ፣ ንጹሕ ሆና ነበር። ማለትም ጠዋት የተገኘችው እናት ያላት፣ የጠባች፣ ደህና ግልገል ናት። ችግሯ የጀመረው ከ5 ሰዓት ተኩል ወዲህ ነው።

ሁለት አማራጭ ነበር። አንደኛው ወደ ማዕከሉ ማምጣት ነው። ቀላል ይመስላል። ግን በሰው እጅ ያደገ አጋዘን ሰው መፍራቱን ይተዋል፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ አድጎ በመራቢያው ወቅት ሰውን በቀንዱ ሊወጋ ይችላል። ሌላም አለ። አጋዘንን እያከሳ የሚገድል፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ አለ። መጀመሪያ የታወቀው በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ በዱር አጋዘን ላይ ተገኝቷል። ስርጭቱን ለመግታት ሲባል አጋዘንን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር በብዙ አካባቢ በሕግ ተገድቧል። ስለዚህ ማዕከል የመጨረሻ መውጫ እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ሁለተኛው አማራጭ ከስድስት ሰዓት መለየት በኋላ ወደ እናቷ መመለስ ነበር። ይህንን መረጥን። «በሉ፣ ወደተገኘችበት ቦታ መልሷት፣ እኔም እየመጣሁ ነው» አልኳቸው።

ያን ስል አንድ ጥያቄ ረስቼ ነበር። ቦታው አሁን ምን ይመስላል ብዬ አልጠየቅኩም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ገና ከመኪና ስወርድ ትኩስ የታጨደ ሳር ሸተተኝ። ሆዴ ቡጭ አለ። ጓሮው እንደ ምንጣፍ ለስልሷል።

ግልገሏ አሁንም ጋራዥ ውስጥ ነበረች። እኔ እስክመጣ ብለው ጠብቀዋል። እንኳንም ጠበቁ። ሰማያዊ ብርድ ልብስ ላይ ተኝታለች። አፍንጫዋ ጥቁርና እርጥብ ነው። የዓይኗ ሽፋሽፍት ከፊቷ ጋር አይመጣጠንም፣ ረጅም ነው። ሰኮናዋ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያክላል። እትብቷ ደርቋል፣ ሰኮናዋ ጠንክሯል። ስለዚህ ዛሬ የተወለደች አይደለችም፣ የጥቂት ቀን ልጅ ናት። ግራ ታፋዋ ላይ ሁለት ነጠብጣቦች ተጣብቀው 8 ቁጥር ሠርተዋል። ይህን ያየሁት እኔ አይደለሁም፣ ልጅቷ ናት ያሳየችኝ። በዚያ ቀን ብቻ አርባ ያህል ፎቶ አንስታታለች። ያን ሰዓት ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር።

ትንፋሿን አዳመጥኩ። ወተት ወደ ሳንባዋ ገብቶ እንደሆነ ፈርቼ ነበር፤ በጀርባ ማጥባት ዋናው አደጋ እሱ ነው። ደህና መሰለኝ። በለብ ያለ ውሃ እርጥብ ጨርቅ ነክሬ ከኋላዋ ጠረግኳት። እናት በምላሷ የምትሠራውን ሥራ መተካት ነው፤ ወዲያው ሸናች። ተጨማሪ ወተት ከለከልኩ። የአጋዘን ወተት በስብም በፕሮቲንም የላምን እጥፍ ያህላል፤ የላም ወተት ሆዷን ከመረበሽ ሌላ ብዙ አይጠቅማትም።

የመጀመሪያው ሙከራ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ወደተገኘችበት ቦታ ወስጄ አስቀመጥኳት። ሳሩ ከጣት አይበልጥም። ራቁቷን የቀረች ያህል ነው። ወዲያው ተነሳች። እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ፣ እየጮኸች፣ ልጅቷን ተከተለች። ልጅቷ በደስታ፣ እኔ በድንጋጤ ተያየን። ግማሽ ቀን መታቀፍ ይህን ያህል ይሠራል።

አጥሩ ሥር ማሽኑ ያልደረሰበት ቀጭን የሳር ቅሪት ነበር፣ ከመጀመሪያው ቦታ አስር እርምጃ ያህል። ልጆቹን ወደ ቤት አስገባሁ። ግልገሏን እዚያ አስተኛኋት፣ እግሮቿን ከሥሯ አጠፍኩ፣ ዓይኖቿን በመዳፌ ሸፈንኩ፣ ጀርባዋን ጫን አድርጌ ያዝኩ። ቀስ በቀስ ሰውነቷ ላላ። አገጯን መሬት ላይ አሳረፈች። ያኔ እጄን አንስቼ ወደ ኋላ ሳላይ ሄድኩ። አልተከተለችኝም።

አሁን መጠበቅ ነው። መጠበቁን ደግሞ አበላሸነው።

ወደ 2 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በረንዳው ሞልቷል። ጎረቤቶችም ሰምተው መጥተዋል። ስምንት ሰው፣ አምስት ስልክ። እናትየዋ ከዛፉ ወጣች። አንድ ሰው «መጣች! መጣች!» አለ፣ ሌላው «ዝም በል» እያለ ከሱ በላይ ጮኸ። አጋዘኗ ቆመች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ እኛ ዞሩ። የፊት እግሯን አንስታ መሬቱን መታች። ደግማ መታች። የጎረቤት ውሻ ከአጥር ማዶ ጮኸ፣ የአንዱ ስልክ ብልጭ አለ። በአፍንጫዋ ኃይለኛ ትንፋሽ ተፋች፣ ጭራዋ እንደ ነጭ መሃረብ ተሰቀለ፣ ጠፋች።

በረንዳው ላይ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ አይተዋታላ። እኔ ግን ምሽቱን ያጣን መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠንከር አልኩ። ጎረቤቶቹን አሰናበትኩ። ውሻው ቤት እንዲገባ ባለቤቱን ለመንኩ፣ አላንገራገረም። የበረንዳው መብራት ጠፋ፣ መጋረጃ ተዘጋ። እስኪነጋ ማንም ወደ ጓሮ እንዳይወጣ ተስማማን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያው ካለችና ከጮኸች ወደ ማዕከሉ እንወስዳታለን፣ ካለችና ዝም ካለች ደግሞ እንጠብቃለን ብዬ ሄድኩ።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ባልየው ባትሪ ይዞ ሊወጣ በር ላይ ደርሶ ነበር አሉ። «ላያት ብቻ ነው።» ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ መለሰችው። ከዚያ ቀን ውሳኔዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህን ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉልኝ። ግልገሏ የለችም። ሳሩ የትሪ ያህል ተጋድሟል። ደም የለም፣ ፀጉር የለም። «ወሰደቻት ማለት ነው?» አለች ልጅቷ። ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ባዶ ሳር ማስረጃ አይደለም፣ እኔም ከዚያ በላይ ልላት አልቻልኩም።

ማስረጃው በአስራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ግልገሎች ከእናታቸው ኋላ መሄድ የሚጀምሩት በሦስትና በአራት ሳምንት ገደማ ነው። ልጅቷ ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት አንዲት አጋዘን ከዛፉ ስትወጣ አየች። ከኋላዋ ግልገል። ከግልገሏ ኋላ ሌላ ግልገል። መስኮቱን ሳትከፍት አነሳቻቸው። ፎቶውን ከድሮዎቹ ጋር አስተያየችው። የነጠብጣቡ አቀማመጥ ከግልገል ግልገል ይለያያል። ከሁለቱ የአንዷ ግራ ታፋ ላይ 8 ቁጥር ነበረች። ፎቶውን ከነቀይ ክቡ ላከችልኝ። ስለ አርባው ፎቶ ያሰብኩትን ሁሉ መልሼ ዋጥኩ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው በዚያው ቀን፣ ከመምሸቱ በፊት መመለሷ ነው። እናት አንድ ቀን መጥታ ብታጣ ወዲያው ተስፋ አትቆርጥም፤ እየመጣች ትፈልጋለች። ግን ለዘላለም አትፈልግም።

ሽታ ችግር አልሆነም። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ተመራማሪዎች አዲስ የተወለዱ ግልገሎችን በእጃቸው ይይዛሉ፣ ይመዝናሉ፣ አንገታቸው ላይ የሬዲዮ ቀለበት አስረው ይለቃሉ። እናቶቹ በአብዛኛው ማሳደጋቸውን ይቀጥላሉ። የሰው ሽታ ካለበት እናት ትርቃለች የሚለው ወሬ አንድ ጥቅም አለው፣ ሰው እንዳይነካ ያስፈራራል። ከነካ በኋላ ግን ጉዳት ነው፣ እንዳይመልስ ያደርገዋል። ለእማማ ኋላ ይህን ስነግራቸው «እንግዲህ እኔ ላሟን ነው የማውቀው» አሉኝ።

ያልሠራው ብዙ ነው። ወተቱ ተቅማጥ አመጣ፤ ጥቂት መሆኑ ነው ያተረፋት። በረንዳው ላይ መሰብሰባችን እናትየዋን አባረረ። የኔ «ወደ ቦታዋ መልሷት» ደግሞ ቦታው በሌለበት የተሰጠ ትእዛዝ ነበር። እኔ ሳልደርስ እዚያ ባዶ ሳር ላይ አድርገዋት ቢሆን ኖሮ ልጅቷን ተከትላ በረንዳ ላይ ትወጣ ነበር።

ለሌላ ጊዜ የሚሆን

ስልክ የማነሳበትን ወረቀት አስተካክያለሁ። ከቁስልና ከጆሮ ጥያቄ በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የተገኘችበት ቦታ አሁን ምን ይመስላል? ሳሩ አለ?» ሽፋን ከሌለ በቅርብ ያለ ረጅም ሳር ወይም የቁጥቋጦ ጥላ ይፈለጋል። እናት በአሥርና በሃያ እርምጃ ልዩነት ልጇን በድምፅና በሽታ አታጣትም።

ግልገል ሲገኝ መጠበቅ ማለት ማየት እንዳልሆነ አሁን በግልጽ እናገራለሁ። ሰው «ጠበቅን፣ አልመጣችም» ሲለኝ ከየት ሆናችሁ ጠበቃችሁ እላለሁ። ከበረንዳ ከሆነ አልጠበቁም ማለት ነው፣ ከልክለዋታል። ቤት ገብቶ መጋረጃ ዘግቶ እስከ ማግስቱ መተው ይከብዳል። ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ለዚህ ለልጆቹ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ከሩቅ አንድ ፎቶ እንዲያነሱና ነጠብጣቡን ወረቀት ላይ እንዲስሉ እነግራቸዋለሁ። ሃሳቡ የኔ አይደለም፣ ከማን እንደወሰድኩት ግልጽ ነው።

ያለ ጥርጥር እርዳታ የሚያስፈልጋት ግልገልም አለች። የቆሰለች፣ ዝንብ የወረሳት፣ ጆሮዋ የተጠቀለለ፣ ያለማቋረጥ እየጮኸች የምትዞር፣ ወይም እናቷ መንገድ ዳር ሞታ የታየች። እንዲህ ያለችውን ጨለማ፣ ፀጥ ያለ ቦታ አድርጎ፣ ምንም ሳያጠቡ፣ ፈቃድ ላለው ተንከባካቢ ወዲያው መደወል ነው።

የማጨጃው ነገር ይቀረኛል። ሁለቱን ግልገሎች ባየን ቀን ባልየው ደወለልኝ። ስለ 8 ቁጥሯ ደስ ብሎታል፣ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። «ያቺኛዋ የት ነበረች?» አለኝ። «እኔ ያን ቅዳሜ ሳጭድ ሁለተኛዋ የት ነበረች?» መንታ ለየብቻ እንደሚተኙ ነገርኩት። ጓሮው ውስጥ ልትሆን ትችላለች፣ ከዛፉ ሥርም ልትሆን ትችላለች። ግልገል ከማሽን ድምፅ አትሸሽም፤ ባሰ ድርቅ ትላለች። አውሮፓ ውስጥ ገበሬዎች ለዚህ ሲሉ ከማጨዳቸው በፊት ማለዳ ላይ ሙቀት የሚያይ ካሜራ የተገጠመላት ድሮን ሳሩ ላይ ያበራሉ።

ባልየው ድሮን የለውም። አሁን ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ጓሮውን በእግሩ ያዳርሳል፣ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው የትንሹን ልጅ እጅ ይዞ። ማጨድ የሚጀምረው ከቤቱ በኩል ወደ ዛፉ ነው፣ ያለ ነገር ካለ መሸሻ እንዲኖረው። አጥሩ ሥር ያለችውን ቀጭን የሳር ቅሪት ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልነካትም። ወገቡ ደርሳለች።